ዕድሉ በዋንጫ የተለካ ልጅ

ብዙ መናገር አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምላችሁ ወጌ አጭር ነው ብላችሁ እንድትቀመጡ ነው። ካጠረ እሰየው፤ ከረዘመ ግን ጥፋቱ የልጄ የተክሌ ነው። እሱ ያለበት ነገር አጥሮ አያውቅም።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉን ለእኔ አስቆጠሩኝ። ከእሳቸው መጻፍ ተማርኩ፤ ከእናቴ ደግሞ አፍ መዝጋት። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ "አንቺን ማግባት ብቻዬን እንደመኖር ነው፤ ልዩነቱ ራት አለ" ይለኝ ነበር። ራቱን ስለሚወድ አላዘንኩበትም።

እሱም ንጉሡን ተከትሎ ዘመተና ቀረ። የተቀመጠባት በቅሎ ግን ማንም ሳይነዳት ቀበናን ተሻግራ መጥታ ከደጃችን ቆመች። ኮርቻዋ ባዶ ነበር፤ ጋሻው ብቻ ከጎኗ ተንጠልጥሏል። ዳማ ትባላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳማን የሚጭናት፣ የሚጋልባት፣ የሚገዛት ሰው አልፈቀድኩም። በልታ ታድራለች፤ ሲያሻት ትራገጣለች፤ ቤተ ዘመድ ናት።

ተክሌ በበኩሉ አደገ፤ ጢም አበቀለ። የባለቤቴ ወንድም መጣና፣ "ከመስቀል በኋላ ይዤው እዘምታለሁ። የአባቱን ጋሻ ያንሳ" አለኝ። ነገሩ ክብር ነው፤ እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል። "እፈራለሁ" ማለት ደግሞ እንጦጦ ላይ ምክንያት አይባልም፤ የማትፈራ እናት የለችምና። እኔ በዚያ ሰሞን የማየው ሕልም አንድ ብቻ ነበር፤ ዳማ እንደገና ባዶ ኮርቻዋን ይዛ ስትመጣ።

ልጄን ከጋሻ የሚያስጥል አንድ ደጅ ነበር፤ የኦቦ ቱፋ ደጅ።

ኦቦ ቱፋ በየካ በኩል፣ ከተራራው ግርጌ የሚኖሩ ትልቅ ሲራራ ነጋዴ ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲጠነክር ቅፍለታቸው ሰምና ዝባድ፣ ቡናና ቆዳ ጭኖ ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል። በየዓመቱ አንድ አዲስ ልጅ ይይዛሉ። አንድ ብቻ። ያንን ልጅ መጫንና ማራገፍ፣ መመዘንና መከራከር፣ በማያውቁት አገር ከማያውቁት ሰው ጋር ውሎ ማደር ያስተምሩታል። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው "የኦቦ ቱፋ ልጅ" ተብሎ ይኖራል። ገበያ ሲገባ መንገድ ይለቀቅለታል፤ ሴት ልጅ ያለው ሰው ሁሉ "ኧረ ቤት ግባ" ይለዋል። ከሁሉም በላይ ንጉሡ ንግድ እንዲቀና ስለሚሹ፣ የኦቦ ቱፋን ልጅ ጋሻ አንሳ የሚለው የለም።

እንግዲህ በነሐሴ መጨረሻ ደጃቸው ላይ የሚከማቸውን ጎረምሳ ብታዩ ጠበል የፈለቀ ይመስላችኋል።

እንዲህ ያለ ደጅ ባለበት፣ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር የሚመዝን ሰው አይጠፋም። የእኛ መዛኝ አያ ድንቁ ነበር። የቀበና መሻገሪያ አጠገብ ካለችው ወይራ ሥር ይቀመጣል። በጉብዝናው ኦቦ ቱፋ ደጅ ደጋግሞ ሄዶ ደጋግሞ ተመልሷል። "እዚያ ቤት እንዴት እንደማይገባ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ይምጣ!" ይላል። እስካሁን የመጣ የለም። ዋጋው ጠላ ነው። ጠላው ግን ዋጋው ብቻ ሳይሆን ሚዛኑም ነው።

እንስራዬን አዝዬ፣ ተክሌን አስከትዬ ሄድኩ። አያ ድንቁ የቀንድ ዋንጫውን እስከ አፉ አስሞላኝ።

"ይኸውልሽ እመት፣ ዋንጫው ሙሉ ከሆነ ልጁ ገባ ማለት ነው" አለኝ። "ባዶ ከሆነ ቀረ ማለት ነው። ጉድለት ባገኘሁ ቁጥር እጎነጫለሁ። ለማንም አላዳላም።"

ከዚያ ወደ ልጄ ዞረ። "ኦሮምኛ ትችላለህ?"

"እንዴታ! ከጎረቤት ልጆች ጋር አይደል ያደግሁት? እንዲያውም አንድ ቀን የጎረቤታችን ላም ጠፍታ . . ."

"በቃ፣ በቃ፤ ደህና ነው" አለና ዋንጫውን ሳይቀምስ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ ግን ቅር ሲለው አየሁ።

"ጭነትስ ማሰር?"

"አሳምሬ! ባለፈው ያሰርኩት ገብስ ብቻ የካ ሳይደርስ ተፈታ እንጂ። እሱም ገመዱ ነው። ገመዱን የሸጠልኝ ሰውዬ ደግሞ . . ."

አያ ድንቁ ጎነጨ።

"ትዕግሥት ላይ . . ."

"ትዕግሥትማ ሞልቶኛል!" አለ ተክሌ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

አያ ድንቁ እንደገና ጎነጨ። ከዚያ ልጄን ትክ ብሎ አየውና፣ "እንዲህ ነው ሁልጊዜ የምታወራው?" አለው።

"ኧረ ዛሬስ አፍሬ ነው!"

አያ ድንቁ ዋንጫውን ቀና አደረገ። ጉሮሮው በወረደ ቁጥር ልቤ አብሮ ይወርድ ነበር።

"ጨረስከው እኮ!" አልኩት።

"እኔ ምን ላድርግ እመት? ልጅሽ ነው የጨረሰው።"

ምን አማራጭ አለኝ? ሞላሁለት። ልጄ እንደገና ሙሉ ዕድል አገኘ። እንደገና ጎደለ፤ እንደገና ሞላሁ። እናት ናችሁና ታውቁታላችሁ፤ በልጃችሁ ዕድል ላይ ጠላ አትቆጥቡም። እንስራው ሊነጥፍ ሲል አያ ድንቁ ተክሌን አንገቱን አቅፎ፣ "ይሄ ልጅ ካልገባ ማን ሊገባ ነው? ማን?" እያለ አለቀሰ። ከፊተኛው ፍርድ ይልቅ የኋለኛው ይሻላል ብዬ ተቀብዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ተክሌ ኦቦ ቱፋ ዘንድ ቀረበ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

"ምን ጠየቁህ?" አልኩት።

"'ምን ታውቃለህ?' አሉኝ እማዬ። ይህችን ብቻ። እኔም ነገርኳቸው። ከልጅነቴ ጀመርኩላቸው። የአባቴን፣ የዳማን፣ የአንቺን፣ አያ ድንቁ ዕድሌን እየጠጣ እንዴት እንደለካው፣ ሁሉን!"

"ምን አሉ?"

"ተመስጠው ነበር የሰሙኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው! በኋላማ እንዲህ እንዲህ እያደረጉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።"

አሳየኝ። አገጩን ወደ ደረቱ ጣል፣ ቀና፣ ጣል። ቅዳሴ ላይ የማውቀው ንቅነቃ ነው። ሰውየው ተኝተዋል።

"መቼ አበቃህ?"

"በቅሎዎቹ ከውኃ ሲመለሱ። 'የመረጥኩትን ከቅዳሜ በኋላ አስታውቃለሁ፤ አሁን ሂድ ልጄ' አሉኝ። 'ልጄ' ነው ያሉኝ እማዬ!"

ነጠላዬን አደግድጌ ቀጥ ብዬ ወደ ንስሐ አባቴ ወጣሁ። የእንጦጦ ዳገት ለወትሮው ሦስቴ ያሳርፈኛል፤ ያን ቀን ዳገት መሆኑም ትዝ አላለኝ። ሱባዔ ልገባ፣ እስከ ቅዳሜ ቅዳሴ ድረስም አርምሞ ልይዝ፣ አንዲት ቃል ላልተነፍስ እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

አባ ጢማቸውን እየዳበሱ አዩኝ። "ልጄ፣ ሱባዔ ማለት የሚከብደንን ነገር ማቅረብ ነው። አንቺ ዝም ብትይ እመቤታችን ልዩነቱን በምን ታውቃለች?"

እውነት አላቸው። ግን ሌላ የሚከብደኝ ነገር ሲጠፋ፣ ዝምታው ላይ ስለት ጨመርኩበት። ልጄ ከገባ ለእንጦጦ ማርያም ጃንጥላ አገባለሁ አልኩ። ጃንጥላ ከየት እንደማመጣ አላሰብኩም። ለዚያም እሷው ታስብበት ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ሐሙስ እንምጣ። መከራዬ ሐሙስ ነው።

ረፋዱ ላይ ደጄ ተቀምጬ ገብስ እያበጠርኩ ነው። አያ ድንቁ ከአጥሬ ጥግ ፀሐይ ይሞቃል፤ እንስራዬ ከተከፈተ ወዲህ ከቤቴ አይርቅም። ተክሌ እንጨት ለቀማ ወጥቷል። አንድ ሽማግሌ አሮጌ ጋቢ ለብሰው፣ በትር ይዘው፣ በእግራቸው ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። ቀና ስል ኦቦ ቱፋ ናቸው።

"አካም ቡልቴ እህቴ፣ እንዴት አደርሽ?" አሉ። "አንዲት በቅሎዬ ትናንት ቀበና ላይ ድንጋይ አዳልጧት እግሯ ተሰበረ። መንገዴ ደርሷል። ያንቺን በቅሎ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ልገዛት መጣሁ። አንድ ሸክም አሞሌ ጨው እሰጥሻለሁ።"

ኦቦ ቱፋ! ከደጄ! የልጄን ነገር በእጃቸው ይዘው! ልቤ "ውሰዷት! በነጻ ውሰዷት! ልጄን ብቻ ያዙልኝ!" ብሎ ጮኸ። አፌን ልከፍት ስል አርምሞዬ ትዝ አለኝ። ቃሌን ያሰርኩት ለእመቤቴ ነው። ኦቦ ቱፋን ደስ ለማሰኘት እሷን ካስቀየምኩ፣ በዚያ ሁሉ በረሃ ልጄን ማን ሊጠብቅልኝ ነው?

አፌን ገጥሜ፣ እጆቼን ወደ ሰማይ ዘርግቼ አመሰገንኩ።

ኦቦ ቱፋ ግራ ገባቸው። "ምን ማለቷ ነው?"

አያ ድንቁ ብድግ አለ። ሱባዔ መግባቴን አልሰማም፤ አለማወቁ ግን ከመናገር አግዶት አያውቅም። "ከፍ ያድርጉት ነው የምትለው፣ ጌታው። ወደ ሰማይ!"

ራሴን በኃይል ነቀነቅሁ። ጎንበስ ብዬ መሬት ሳምኩ፤ አክብሮቴን ይዩልኝ ብዬ።

"አሁንስ?"

"ዋጋው መሬት ወድቋል ትላለች።"

ኦቦ ቱፋ በትራቸውን ተደግፈው ለጥቂት ጊዜ አዩኝና፣ "እሺ፤ በጨው ላይ አንድ ጣቃ አቡጀዲ" አሉ።

ደንግጬ አማተብኩ።

"በሥላሴ ስም ምላለች" አለ አያ ድንቁ። "እንግዲህ የሚያወርዳት የለም።"

ያን ሰውዬ በሰፌዱ ብመታው ሱባዔ ይፈርሳል ወይ ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው። አባን ስላልጠየቅሁ ተውኩት። ሮጬ ዳማን ፈታሁና ልጓሟን ኦቦ ቱፋ እጅ ላይ አኖርኩ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

"ጥርሷን ይዩ፣ እግሯን ይፈትሹ፣ ከዚያ በኋላ ያውሩ ነው የምትለው" አለ አያ ድንቁ። ኦቦ ቱፋም የዳማን ጥርስ አዩ፣ ኮቴዋን አነሱ፣ ጀርባዋን ዳበሱ። ዳማ ዓለም ከተፈጠረ እንደዚያን ቀን ጨዋ ሆና አታውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ረግጣ ትገላግለኝ ነበር።

"ደህና በቅሎ ናት፤ ልክ ነሽ" አሉ። "አንድ ቆዳ ማር እጨምራለሁ።"

ጽሑፍ ትዝ አለኝ! እንጨት አነሳሁና አፈሩ ላይ "በቅሎዋ በነጻ የእርስዎ ናት" ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ኦቦ ቱፋ የኛን ፊደል አላጠኑም። አያ ድንቁ ደግሞ እንኳን ጽፈውለት ነግረውትም አይገባውም። ጎንበስ ብሎ መረመረና ራሱን ያዘ።

"ጉድ ፈላ! እየደመረች ነው፤ የጠየቀችውን ይመልከቱት፣ መስመር አልበቃትም!"

ዳማ ወደ ፊት ራመድ አለችና ጽሑፌን ረገጠችው።

የቀረኝ ልጄ ነው አልኩ። ቤቴ በር ላይ ተክሌ የሚተኛበት ቁርበት ለፀሐይ ተሰጥቷል። ቁርበቱን ጠቆምኩ፤ ኦቦ ቱፋን ጠቆምኩ፤ እንደገና ቁርበቱን፣ እንደገና ኦቦ ቱፋን። እዚህ የሚተኛውን እርስዎ ይውሰዱት ማለቴ ነው።

አያ ድንቁ እንኳ ዝም አለ። በኋላ ጉሮሮውን ጠረገና ቀስ ብሎ፣ "ጌታው፣ እ . . . እመት ባሏ ከሞተ ቆይቷል" አለ።

ኦቦ ቱፋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። "እህቴ፣ እኔ ሚስት አለኝ! የልጅ ልጅም አለኝ!"

በሃምሳ ዓመቴ፣ በሱባዔዬ፣ በጠራራ ፀሐይ! ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነከስኩት፤ ያን ባላደርግ ቃሌ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱ ጆሮም ይፈርስ ነበር። ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ለቅሶዬ ኦቦ ቱፋን ጎዳቸው። ግንባራቸውን ጠረጉ። "ከዘይላ ነጋዴ ጋር ተከራክሬያለሁ። ከሐረር ነጋዴ ጋር ተከራክሬያለሁ። አንዲት ቃል ሳትናገር እንዲህ ያስጨነቀችኝ ሰው ግን አላየሁም። ይኸው የመጨረሻዬ፤ ከባሕር ማዶ የመጣች አንድ የሐር ጃንጥላ አለችኝ። እሷን ልጨምር።"

ጃንጥላ!

ለቅሶዬ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይኔ ምን እንዳለ እንጃ፤ ኦቦ ቱፋ ልጓሙን መልሰው እጄ ላይ አኖሩና፣ "አይ፣ ይሄም አልበቃሽም። ቅዳሜ እንነጋገር" ብለው ዳገቱን ወረዱ። አያ ድንቁ ወደ እኔ ዞሮ፣ በአድናቆት፣ "አንቺ ሴት፣ ጨካኝ ነሽ" አለኝ።

የዚያን ዕለት ሌሊትና የዓርብን ቀን አልነግራችሁም። ጸለይኩ። ተክሌ ወሬውን ከአያ ድንቁ ሰምቶ መጥቶ፣ "እማዬ፣ ኦቦ ቱፋን እንቢ አልሻቸው? እኔ ልገባ ደጅ እየጠናሁ?" እያለ ሲያወራ፣ ሲጠይቅ፣ ራሱ ሲመልስ አደረ። ጋሻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሴው አለቀ። የመጀመሪያ ቃሌ "ተመስገን" ነበር። ሁለተኛውን የተናገርኩት የካ ደርሼ ነው፤ በመካከሉ ያለውን ቁልቁለት በምን እግሬ እንደወረድኩት አላውቅም።

ኦቦ ቱፋ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የጭነት ጠፍር ቅቤ ይቀባሉ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ሁሉንም አፈሰስኩት። ሱባዔ ላይ እንደነበርኩ፣ እጄን የዘረጋሁት ለምስጋና መሆኑን፣ አያ ድንቁ ያለው ሁሉ ከራሱ መሆኑን፣ ቁርበቱ የልጄ መሆኑን፣ በተለይ ቁርበቱን! በዕድሜዬ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ተክሌን ከየት እንደወለድኩት ያን ቀን ገባኝ።

ኦቦ ቱፋ አዳመጡኝ። መልስ አልሰጡም። ጠፍሩን ይቀባሉ።

"ዳማን በነጻ ይውሰዷት፤ ጨውም አቡጀዲም አልፈልግም" አልኩ።

ጠፍሩን ገልብጠው በወዲያ በኩል ቀቡት።

"ለመንገዱ በሶ አሰናዳለሁ። ለልጄ ብቻ አይደለም፤ ለቅፍለቱ ሁሉ።"

ዝም።

"ዳቦ ቆሎም። ሽሮም እጨምራለሁ።"

ዝም። ዝንብ እንኳ አልበረረም።

"የቀዳደደ ስልቻ ካለዎት እሰፋለሁ። ተክሌም ቢሆን . . . ያወራል፤ አልዋሽዎትም። ግን ሲተኛ ዝም ይላል!"

ኦቦ ቱፋ ጠፍሩን ጣሉትና ሳቁ። ዓይናቸው እስኪያለቅስ ሳቁ። "ሐሙስ ምን እንዳደረግሽኝ አሁን ገባሽ?"

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ልጅሽ እዚህ ያወራ ለት የተመሰጥኩ መሰለው፤ እኔ ግን ተኛሁ" አሉ። "ስነቃ ያወራል። እንደገና ተኛሁ፤ ስነቃ ያወራል። ከመሰለኝ በላይ ቆየሁ። በቅሎዎቼ ከውኃ ሲመለሱ አንዷ ማሰሪያዋን በጥሳ ልታመልጥ ስትል፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ተነስቶ ያዛት፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ተመልሶ ተቀመጠ። በረሃ ላይ የሚገድለን ሌባ አይደለም እህቴ፤ እንቅልፍ ነው። ዘበኛ አቆማለሁ፤ ያንቀላፋል። እንዲህ ያለ ዘበኛ ግን ስፈልግ ኖሬያለሁ። እሱ ካወራ ጅብም አይጠጋ፣ ሽፍታም 'ነቅተዋል' ብሎ ያልፋል። ያን ዕለት ነው የቆረጥኩት።"

"ያን ዕለት?"

"ያን ዕለት።"

"ታዲያ ሐሙስ ሲመጡ ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ" አሉኝ።

ምን ይባላል? ነጠላዬን እንደ ሐሙሱ ነከስኩ።

ዳማን በነጻ አልወስድም አሉ። "ሐሙስ በመጨረሻ የጠራሁትን አላፈርስም" ብለው ጃንጥላዋን አመጡልኝ። ቀይ ሐር፣ ዙሪያዋን ዘርፍ ያላት። እቅፍ አድርጌ ይዤ ወደ እንጦጦ ማርያም ዳገቱን ወጣሁ፤ ፀሐይ እያቃጠለኝ እንኳ አልዘረጋኋትም፤ የእኔ አይደለችም። ገና ከደጃቸው ስወጣ ኦቦ ቱፋ ከኋላዬ፣ "እህቴ! በሶውን ግን አልረሳሁም! ለቅፍለቱ ሁሉ ብለሻል!" ያሉት እስካሁን ይሰማኛል። ፈጭቼ፣ ቆልቼ፣ እጄ እስኪላጥ አሰናዳሁ። አያ ድንቁ ደግሞ ወይራው ሥር ተመልሶ ተቀመጠ። "እኔ ገና ድሮ ይገባል ብያለሁ" ይላል። ዋንጫውንም በትልቅ ለወጠው።

ተክሌ ከዳማ ጋር ሄደ። ለምን እሷን እንደሰጠሁ ማንም አልጠየቀኝም፤ ብጠየቅም የምመልሰው አጭር ነው፤ የቤቱን መንገድ ታውቃለች።

ክረምቱ ሊገባ ደመናው እንጦጦ ላይ ሲሰበሰብ፣ አንድ ማለዳ ደጄን ስከፍት ዳማ ቆማለች። ብቻዋን። ልጓሟ መሬት ይጎተታል።

በሩን ይዤ፣ ጀርባዋን ለማየት ፈርቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ።

ያኔ ከቀበና ወዲያ፣ ሰው ሳይታይ፣ ድምፅ መጣ። ". . . እኔማ አልኩት፣ 'እንዲህ ያለ ጨው ለማን ትሸጣለህ?' አልኩት፤ እሱ ደግሞ ምን አለኝ መሰለህ . . ." ድምፁ ወንዙን ተሻገረ። ወይራውን አለፈ። ዳገቱን ጀመረ። ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም።

በሩ ላይ ተቀመጥኩና እስኪደርስ ሰማሁት። እመቤቴ፣ ይህን አፍ ስላልዘጋሽው ተመስገን።